ኬላ፥ ባልደረባና ስንብት፤ በይፋት በር ስለ መግባትና ስለ መውጣት የነበረው ሥርዓት ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በርን ወርዶ፥ ደብረ ሲናንና ሸዋ ሮቢትን አልፎ ካራቆሬ ሲደርስ፥ በስተግራው የደጋውን ገደል፥ በስተቀኙ ወደ አፋር የሚዘረጋውን ቆላ ያያል። በዚህ የቆላ ወገብ በሚቆሙት ገበያዎች አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ይገናኛሉ። ዛሬ መኪናው በይፋት ቆላ የሚሮጠው ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው። በቀድሞው ዘመን ግን የአገሩ ዋና ጎዳና ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነበረ፤ ይኸውም ከታጁራና ከዘይላ ተነሥቶ፥ የአፋርን በረሓ አቋርጦ፥ ከካራቆሬ በስተደቡብ ከአንኮበር ግርጌ የሚደርሰው የግመል መንገድ ነው። ወደ ሸዋ የሚገባ የባሕር ማዶ ሰው በአብዛኛው የሚመጣው በዚህ በር ነበረ።

ስለ መጻተኞች አገባብ የሚጽፉ ብዙ ሰዎች ታሪኩን የሚጀምሩት ከፓስፖርትና ከቪዛ ነው። እንደዚህ ከታየ ነገሩ ከኤውሮፓ የመጣ አዲስ ነገር ይመስላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ግን ከወረቀቱ በፊት በይፋት በር የታወቀ ሥርዓት እንደ ነበረ፥ ሥርዓቱም ሦስት ክፍል እንደ ነበረው ነው፤ እነርሱም ለመግባት ኬላ፥ ለመቀመጥ ባልደረባ፥ ለመውጣት ስንብት ናቸው። ከሦስቱም እጅግ የጠበቀው የመጨረሻው ነው። የአገራችን የመጻተኛ ሕግ ታሪክ በመግቢያው ብቻ ከተጻፈ ግማሹ ይቀራል ብዬ አምናለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ዘመኑ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ የኤውሮፓው ሲሆን እ.ኤ.አ. ተብሎ ይገለጻል።

፩፤ ኬላው

ይፋት የበር አገር መሆኗ ጥንታዊ ነው። የወላስማ ሥርወ መንግሥት በ1285 እ.ኤ.አ. የሸዋን የእስላም ሱልጣኔት ከያዘ በኋላ፥ ወደ ዘይላ የሚወስደው መንገድ በይፋት እጅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በደጋው ንጉሠ ነገሥትና በይፋት ሱልጣኖች መካከል የነበረው ጠብ ብዙውን ጊዜ የሃይማኖት ጠብ ብቻ ሆኖ ይተረካል። ነገር ግን የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ለጦርነቱ መነሻ የሚያደርገውን ነገር ልብ ማለት ይገባል። ከካይሮ ይመለስ የነበረውን የንጉሡን መልእክተኛ ትእይንታይን የይፋቱ ሱልጣን ሐቀዲን በመንገድ ይዞ አሰረው። እንግዲህ በ14ኛው መቶ ዓመት ታላቅ ጦርነት ካስነሡት ምክንያቶች አንዱ በበር ላይ የተያዘ አንድ መንገደኛ ነበረ። በሩን የያዘ ሰው መንገደኛውን ማሳለፍም ማስቀረትም ይችላል፤ ሥልጣኑም ሀብቱም ይኸው ነው።

ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847 እ.ኤ.አ.) የሱልጣኔቱ ኃይል ካለፈ ብዙ ቆይቶ ነበር። የወላስማ ስም ግን በማዕርግነት ኖሮ፥ ወላስማ መሐመድ የተባለው እስላም ገዥ በክርስቲያኑ ንጉሥ ሥር የይፋትን ጠረፍ ይጠብቅ ነበር። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ኬላው ክርስቲያኑን ከእስላሙ የሚለይ ግንብ አልነበረም፤ ጠባቂው ራሱ የቆላውን ሕዝብ ቋንቋና ልማድ የሚያውቅ፥ ከአፋር ባላባቶች ጋር የሚነጋገር የዚያው አገር ሰው ነበረ። ይኸው ገዥ በጎንቾ ተራራ የሚገኘውን የንጉሡን እስር ቤትም ይጠብቅ ነበር። በር ጠባቂውና እስረኛ ጠባቂው አንድ ሰው መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም።

ከበረሓው የወጣ መንገደኛ መጀመሪያ የሚቆመው በፋሬና በአጠገቧ በዲኖማሊ ነው። እዚያ ዕቃው ይታያል፥ ቀረጥ ይወሰናል፤ ማን እንደ ሆነና ምን ይዞ እንደ መጣ ለንጉሡ ይላካል። መልስ እስኪመጣ ድረስ ወደ ደጋው መውጣት አይፈቀድለትም። ነጋዴው ከዚህ አልፎ አልዩ አምባ ይወጣል፤ በዚያ በየዓርቡ በሚቆመው ገበያ የሐረር፣ የታጁራና የሸዋ ነጋዴዎች ይገናኙ ነበር። ለሲራራ ነጋዴው ኬላው የታወቀ የቀረጥ ቦታ ነው። ለማይታወቅ ሰው ግን የፍርድ ቦታ ነው፤ የሚመረመረው ዕቃው ብቻ ሳይሆን ራሱም ነውና።

፪፤ ባልደረባና ድርጎ

ፈቃድ አግኝቶ የገባ እንግዳ ብቻውን አይተውም። ከቤተ መንግሥት ባልደረባ ይሰጠዋል። ባልደረባው ጉዳዩን ወደ ንጉሡ ያቀርባል፥ የንጉሡን ቃል ይመልሳል፥ ስለ እንግዳውም አኳኋን ተጠያቂ ይሆናል። ያለ ባልደረባ ከንጉሥ ፊት መቅረብ አይቻልም፤ ይህም ልማድ ለባሕር ማዶ ሰው ብቻ የተፈጠረ ሳይሆን ለአገሬውም ሰው የነበረ ነው። ከባልደረባው ጋር ድርጎ አለ፤ ከንጉሡ ጎተራና ጓዳ በየቀኑ የሚታዘዘው እንጀራ፣ ማር፣ ጠጅና ሥጋ ነው። በ1834 ዓ.ም. ግድም ወደ ሸዋ መጥቶ በአልዩ አምባ የተቀመጠው እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ስለ ባልደረባና ስለ ድርጎ የጻፈው ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

የዘመናችን ሕግ መጻተኛን የሚያየው የሌላ መንግሥት ዜጋ አድርጎ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ፓስፖርት ይዞ የመጣም ቢሆን በሸዋ ዓይን የእንግሊዝ ወይም የፈረንሳይ ዜጋ ከመሆኑ በፊት የንጉሡ እንግዳ ነበር። እንግዳ ደግሞ መብትና ግዴታ አለው። ይበላል፥ ይጠጣል፥ ደሙ በንጉሡ ላይ ነው። በአንጻሩ የጌታውን ቤት ሳይሰናበት አይወጣም። ይህን የቤት ሥርዓት ወደ መንግሥት ሥርዓት ከፍ አድርገን ካየነው፥ ተጓዦቹ እስር ብለው ያማረሩበት ነገር ከየት እንደ መጣ እንረዳለን።

፫፤ ስንብት

ከኢትዮጵያ ነገሥታት ስንብት ያላገኙ የባሕር ማዶ ሰዎች ታሪክ ረጅም ነው። የፖርቱጋሉ ንጉሥ በ1487 እ.ኤ.አ. የላከው ፔሮ ዳ ኮቪልሃ በዐፄ እስክንድር ዘመን ገብቶ በደኅና ተቀበሉት፤ ንጉሡ ከሞቱ በኋላ ግን እንዲመለስ አልተፈቀደለትም። ቄስ አልቫሬዝ በ1520 እ.ኤ.አ. ሲያገኘው ርስትና ጉልት፥ ሚስትና ልጆች ነበሩት፤ የሚጎድለው የመውጣት ፈቃድ ብቻ ነበረ። የዐፄ ፋሲል ሥርዓት በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ዬሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ፥ ፈረንጆች በዚያ በኩል እንዳይገቡ በምጽዋና በሱዋኪን ካሉት የቱርክ ሹማምንት ጋር ተስማሙ። በ19ኛው መቶ ዓመትም ዐፄ ቴዎድሮስ የኤውሮፓን መልእክተኞችና የእጅ ባለሙያዎች መያዛቸው ለ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ዘመቻ ምክንያት ሆነ።

ነገሥታቱ ይህን ያደረጉበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የእውቀት ፍርሃት ነው፤ መንገዱን፣ ውሃውንና የጦሩን ብዛት ያየ ሰው ሲመለስ ለማን እንደሚነግር አይታወቅም። የቅኝ ግዛት ዘመን ሲመጣ ይህ ፍርሃት ከንቱ እንዳልነበረ ታየ። ሁለተኛው የሙያ ፍላጎት ነው፤ ጠመንጃ የሚያበጅ፣ የሚያንጽና የሚያክም ሰው ብርቅ ስለ ነበረ፥ ከሄደ የሚተካው አይገኝም። ሦስተኛው ኃላፊነት ነው። በ1833 ዓ.ም. ከታጁራ ወደ ሸዋ ይጓዝ ከነበረው የእንግሊዝ መልእክት ሦስት ሰዎች በበረሓው ውስጥ በሌሊት ተገድለዋል። እንግዳውን በዚያ መንገድ የሚያሰናብት ንጉሥ የመንገዱን ደም አብሮ ያስባል።

ነገር ግን ሥርዓቱን ስናስረዳ ከልክ በላይ እንዳናሳምረው መጠንቀቅ አለብን። ለነጻው ሰው መውጫው ሲጠብ፥ ለሌላው ወገን ይኸው በር ሰፊ ነበረ። በአልዩ አምባ አጠገብ በአብዱል ረሱል ገበያ የተሸጡ ባሮች በዚሁ በር ወደ ታጁራ ይነዱ ነበር። ስንብት የሚጠይቅላቸው ባልደረባ አልነበራቸውም፤ በኬላው የሚታወቁት በሰውነታቸው ሳይሆን ቀረጥ በሚከፈልበት ዕቃነታቸው ነው። ስለ ይፋት በር የሚጽፍ ሰው ፔሮ ዳ ኮቪልሃን ጠቅሶ እነዚህን ስም የለሾች ቢተው ታሪኩን አጉድሏል።

፬፤ የ1834 ዓ.ም. ውል

ይህ ልማድ መጀመሪያ በጽሑፍ የተነካው በኅዳር 1834 ዓ.ም. (ኖቬምበር 16 ቀን 1841 እ.ኤ.አ.) ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሐሪስ ጋር ባደረጉት ውል ነው። ሐሪስ እንደ ጻፈው፥ በዚህ ውል የሞተ መጻተኛ ንብረት ለንጉሡ የሚሆንበት ልማድ እንዲቀር፥ ውድ ዕቃ በመግዛትና በማሳየት ላይ የነበረው ቅጣት እንዲነሣ፥ የገባ እንግዳም እንዳይወጣ የሚከለክለው የቆየ ልማድ እንዲሻር ንጉሡ ፈቅደዋል። በ1835 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ለመንግሥቱ ተመሳሳይ ውል ይዞ ተመለሰ።

ሐሪስ እነዚህን ልማዶች አረመኔነት ይላቸዋል። አንባቢው ይህን ፍርድ ከመቀበሉ በፊት የኤውሮፓን ታሪክ ቢያይ መልካም ነው። የሞተ መጻተኛን ንብረት ለንጉሥ የሚያደርገው ሕግ በፈረንሳይም ለብዙ መቶ ዓመታት የጸና ነበረ፤ በ1790 እ.ኤ.አ. ተሽሮ፥ በከፊል ተመልሶ፥ ፈጽሞ የተወገደው በ1819 እ.ኤ.አ. ነው። ይኸውም ከአንኮበሩ ውል በፊት 22 ዓመት ብቻ መሆኑ ነው።

ውሉ በተግባር ምን ያህል ሠራ? ለዚህ የቄስ ክራፕፍ ጉዳይ መልስ ይሰጠናል። ክራፕፍ በ1831 ዓ.ም. ሸዋ ገብቶ ወደ ሦስት ዓመት ያህል ከተቀመጠ በኋላ በ1834 ዓ.ም. ተሰናብቶ በወሎ በኩል ወጣ፤ በመንገድም ተዘረፈ። እንደ ገና በታጁራ በኩል ሊመለስ ቢሞክር ግን በሩ ተዘጋበት። ንጉሡ ውል ከፈረሙ ዓመት ያህል ቢሆን ነው። እንግዲህ ውሉ ልማዱን በወረቀት ሻረው እንጂ ሥልጣኑን ከንጉሡ እጅ አላወጣውም፤ ማንን ማስገባትና ማንን መከልከል እንዲገባ የሚወስነው እንደ ቀድሞው የንጉሡ ፈቃድ ነበረ።

፭፤ ከበር ወደ ወረቀት

የይፋት በር የወደቀው በሕግ ሳይሆን በመንገድ መለወጥ ነው። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ ንግዱ ወደዚያ አዘነበለ፤ የጅቡቲ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፥ የፋሬና የአልዩ አምባ ኬላ የአገር ውስጥ ትዝታ ሆነ። ከባቡሩ ጋር ግሪኩ፣ አርመኑና ሕንዱ ገባ፤ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች የዚያ ዘመን ሰዎች ናቸው።

መጻተኛውም ከንጉሥ እንግድነት ወደ መንግሥት ዜግነት ተለወጠ። በጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የክሎቡኮውስኪ ውል የመጻተኞች ክርክር በቆንስላቸው ሥልጣንና በአገራቸው ሕግ እንዲታይ ፈቀደ። የቀድሞው ባልደረባ የንጉሡ ሰው ነበረ፤ አዲሱ ባልደረባ ቆንስሉ ሲሆን የባዕድ መንግሥት ሰው ነው። በዚህ ውል ኢትዮጵያ መግቢያውን ከፈተች፥ ከገባው ሰው ላይ ግን የዳኝነት ሥልጣኗን አጎደለች።

የውሎች ቃልና የሕጎች ተግባር ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተደረገው ውል የሁለቱ አገር ሰዎች በሁለቱም ግዛት በነጻነት ይጓዙ ዘንድ ይላል። በ1924 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የመጻተኞች ሕግ ግን ለየአገሩ ድርሻ ሲወስን ለኢትዮጵያ የደረሳት በዓመት 100 ሰው ነበረ። ዘመኑም ለዚህ የተመቸ ነበር፤ አሜሪካ በ1882 እ.ኤ.አ. ቻይናውያንን፥ አውስትራልያ በ1901 እ.ኤ.አ. ነጭ ያልሆኑትን መከልከል ጀምረው ነበር፤ ፓስፖርትም በዓለም ሁሉ ግዴታ የሆነው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው።

በአገራችን የመጀመሪያው የተጻፈ የዜግነት ሕግ የወጣው ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። ከአባት ወይም ከእናት በአንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ፥ በውጭም ቢወለድ፥ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። መጻተኛው ዜግነት ለማግኘት አምስት ዓመት መቀመጥ፥ ራሱን መቻል፥ በወንጀል ያልተፈረደበት መሆን፥ አማርኛም መናገርና መጻፍ ማወቅ ይገባዋል። በዚያ ዘመን ብዙ አገሮች የእናትን ዜግነት ለልጅ የማያስተላልፉ ስለ ነበሩ ሕጉ በዚህ በኩል ቀደም ያለ ነው። ይህ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 እስኪተካ ድረስ ከ70 ዓመት በላይ ጸንቶአል።

የመግቢያና የመውጫው ሕግ በ1943 እ.ኤ.አ. በወጣው የኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 36 ጀምሮ፥ በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 271 ተደራጀ፤ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 354/1995 ተተካ። በ1962ቱ አዋጅ ዋዜማ፥ በሴፕቴምበር 1969 እ.ኤ.አ.፥ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞችን ስምምነት በአዲስ አበባ አጽድቆ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ኬላው የአየር ጣቢያ፥ ስንብቱ የመውጫ ቪዛ ሆነ። በደርግ ዘመን (1966–1983 ዓ.ም.) የመውጫ ቪዛ ማግኘት እጅግ ከባድ ሆኖ፥ ብዙ ሰው በጠረፍ በእግሩ ወጣ። ስንብት እስከዚህ ድረስ በዋናነት የእንግዳ ጉዳይ ነበረ፤ አሁን የአገሬው ሰው ጉዳይ ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ፥ በሕጋዊ መንገድ የገባ የውጭ ዜጋም፥ በፈለገ ጊዜ ከአገር የመውጣት ነጻነት እንዳለው ሲደነግግ፥ በሣህለ ሥላሴ ውል ለመጻተኛው የተሰጠው ተስፋ ለልጅ ልጆቻቸው የተሰጠው 153 ዓመት ዘግይቶ ነው።

እኔም ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ልሄድ በአንድ ቆንስላ መስኮት ፊት ስቆም፥ ከሁሉ አጥብቀው የጠየቁኝ ለምን እንደምገባ ሳይሆን መቼና እንዴት እንደምወጣ ነበረ። ያን ጊዜ ጥያቄው ገረመኝ፤ የይፋትን ታሪክ ከመረመርሁ በኋላ ግን ኬላውና ስንብቱ ምንጊዜም አንድ ነገር እንደ ሆኑ ተረዳሁ።

፮፤ መንገዱ ሲመለስ

በመኪናና በባቡር የተረሳው የግመል መንገድ በእኛ ዘመን እንደ ገና ተከፈተ። ከሰሜን ሸዋ፣ ከኦሮሞ ልዩ ዞንና ከደቡብ ወሎ የሚነሡ ወጣቶች የአፋርን በረሓ አቋርጠው፥ በጅቡቲ ግዛት ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ ይደርሳሉ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፥ ከየመን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሻገራሉ። በካራቆሬ መንገድ ዳር የሚሳፈር ጎልማሳ የሐሪስ መልእክተኞች በግመል የመጡበትን በረሓ በተቃራኒው አቅጣጫ ይይዛል።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ያለ ፈቃድ የሚኖሩትን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መንግሥት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን ከለከለ፤ ክልከላውም እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። ዓላማው ዜጋውን ከመከራ መጠበቅ ነበረ፤ የጥንቱ ንጉሥ እንግዳውን ወደ በረሓው ሳይሰድ ያስቀር የነበረበት ሦስተኛው ምክንያት ይኸው ነው። ነገር ግን መውጫው ሲዘጋ መንገደኛው አልቀረም፤ ከአየር ጣቢያው ኬላ ወደ በረሓው ተዛወረ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ነገሩን ከመከልከል ወደ ማስተዳደር ለመመለስ የተሞከረበት ነው።

ከባሕሩ ማዶ የሚጠብቀው ሥርዓት የጥንቱን ባልደረባ ያስታውሳል፤ ግን ተገልብጦ። በዓረብ አገር ሠራተኛው በከፊሉ፥ ማለት በአሠሪ ዋሱ ስም ይገባል፥ በከፊሉ ሥር ይቀመጣል፤ ለመውጣትም የከፊሉ ፈቃድ ሲጠየቅ ኖሮአል። በ2021 እ.ኤ.አ. በሳዑዲ ዓረቢያ የተደረገው ማሻሻያ ይህን ለብዙዎች ቢያቃልልም የቤት ሠራተኞችን አልጨመረም፤ ከእኛ አገር የሚሄዱት እኅቶች አብዛኞቹ ደግሞ የቤት ሠራተኞች ናቸው። ባልደረባው የእንግዳውን ቃል ወደ ንጉሡ ያደርስ ነበር። የከፊሉ ሥርዓት ግን የሠራተኛዋን ቃል ለማን እንደሚያደርስ አይናገርም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ነገር አጭር ነው። የመጻተኛን ሕግ ማጥናት ማለት ማን እንደ ገባ መቊጠር ብቻ አይደለም፤ የመውጣት ፈቃድ በማን እጅ እንደ ነበረ መጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ በንጉሥ፣ በቆንስል፣ በመሥሪያ ቤትና በአሠሪ እጅ እየተዘዋወረ ቢቆይም ዛሬም አልጠፋም። በሩ የጠበቀበት ዘመን ሁሉ ደግሞ መንገዱን አላስቀረውም፤ መንገደኛውን ምስክር ወደሌለበት ቦታ ገፋው እንጂ።

የውሎቹና የአዋጆቹ ጽሑፍ በመዛግብት ተጠብቆአል። የኬላው ወግ ግን በይፋት በአርጎባና በአፋር ሽማግሌዎች አፍ ውስጥ ነው፤ ቀረጡ በምን ይከፈል እንደ ነበረ፥ እንግዳ በማን ቤት ያርፍ እንደ ነበረ፥ ያለ ስንብት የወጣ ሰው ምን ይባል እንደ ነበረ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ከበረሓው የተመለሱት ወጣቶችም ቃላቸው ከዚሁ ጋር መመዝገብ ይገባዋል። ተማሪዎቻችን በዕረፍት ጊዜያቸው ወደ ካራቆሬና ወደ አልዩ አምባ ወርደው ይህን ቢሰበስቡ፥ ስለ አንድ በር ታሪክ ከገቡትም ከወጡትም አፍ የተገኘ ምስክርነት ይኖረናል።